ለትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ላክን

ለውድ ወንድሜ ለንዋይ፤

እንደምን ከረምክልኝ የእናቴ ልጅ? እንደምን ነህ በጤና፣ በሥራ፣ በኑሮ? ጉሮሮህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠመኔ በነካህ ቁጥር ያስልሃል? ሚስትህ ኣልማዝ እንደምን ናት? ወገቧን ያማት ነበር፣ ተሻላት? መስፍን ጢም አወጣ ወይስ ገና በምላጭ እየቧጠጠ ነው የሚለምነው? ሃይሚ የኔ ቆንጆስ? የናዝሬት ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ፣ አምላክ ይመስገንና፣ ሁላችንም ደህና ነን። ዘርዓይ እንደ ልማዱ ከምጽዋ መንገድና ከማኪናው ጋር ሲታገል ነው የሚከርመው። ልጃችን ኣቢኤል ቁመቱ በሩን ሊያልፍ ነው። እኔም ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማጉረምረሙ በቀር ምንም አልል። የሚያስቸግረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የእናንተ ናፍቆትና ውሃ።

በአማርኛ መጻፌን አትታዘበኝ። ኣልማዝም እንድታነበው ብዬ ነው፤ ደግሞም እኛን ያስተማሩን በአማርኛ ስለሆነ ትግርኛውን አፌ እንጂ እጄ አልለመደውም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «እዚያ ትምህርቷን ከምትጠላ ሄለንን ላኪልኝ፣ እኔ ጋ ሆና ትማር» ያልከውን ሳነብ አለቀስኩ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው። እስካሁን መልስ ያልሰጠሁህ ቸል ብዬ አይደለም፤ እሺም እንቢም ማለት አቅቶኝ ነው። ልጅቷን ብልካት ቤቴ ሊጎድልብኝ፣ ባልልካት ትምህርቷ ሊቀርባት። አሁን ግን መልስ አለኝ። መልሱን ብቻ ጽፌ ብልክልህ ያንተም አንጀት አይርስም፣ የኔም አይርስም፤ ስለዚህ ከጫፉ ልጀምርልህ፣ ሻሂህን ይዘህ ቁጭ በል።

ዓባ ሻውልን ታውቀዋለህ፣ ተወልደህበታል። መንገዱ ያው ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይታከካል። የባሰው ውሃው ነው። ቧንቧው ከደረቀ ቆየ፣ ቦቴ መኪና ማለዳ እየመጣ ያድለናል። ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ለምን ብትለኝ እንጃ፣ እንዲያው ልማድ ሆኖ። ቦቴው ሲዘገይ እነሱም ይዘገያሉ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያልቅ በሩን ይቆልፋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ቢያለቅስም ቢለምንም ወደ ቤቱ ነው። ነጻ ከወጣን ወዲህ ሁሉም ነገር በሥርዓት ይሁን ተብሏል፣ እሰየው። በሩ የሚዘጋው በማን ላይ እንደሆነ ግን ያየ አልነበረም።

እኔም አላየሁም። አንድ ቀን ጎዳይፍ ሰፈር ጉዳይ ኖሮኝ ሄጄ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ፌርማታው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ የኔዋ ናት! ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሚያልፍ የሚያገድመውን ታያለች። ያልኳትን ሁሉ አልጽፍልህም፣ ኣልማዝ ታነበዋለች። ቤት ገብተን ሲበርድልኝ ጠየቅኳት። በሩ በተዘጋባት ቀን ሁሉ እንዳልቆጣት ፈርታ እስከ ምሳ እዚያ ትቀመጥ ነበር ለካ። «በሩ ክፍት በሆነ ቀንስ ደስ ብሎሽ ትገቢያለሽ?» አልኳት። «እማ፣ ገብቼስ? ከሰሌዳው ገልብጡ ይሉናል፣ እንገለብጣለን። ያልገባው ይጠይቅ አይሉም። መምህሩ ስሜን አያውቀውም፣ አንቺ ከዳር ሦስተኛዋ ነው የሚለኝ» አለችኝ።

እስቲ አንተ ፍረድ። ይቺ ልጅ ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው። ነጻነት ሲመጣ ትምህርቱ በትግርኛ ሆነ፤ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ። ቋንቋችን በመከበሩ እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ግን ቤት በላይ በላዩ የተቀያየረባት ልጅ ዕቃዋን የት እንዳስቀመጠች ብትረሳ ምን ይገርማል? በመምህሮቹም አልፈርድም፤ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ሲገባ። ብቻ ልጄ ምግብ እየተወች፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለች ስትጠወልግ ዓይኔ እያየ ነበር። ያን ጊዜ ነው ላንተ ያማረርኩት።

ዘርዓይ «ትሂድ ካልሽ ትሂድ» ብሎ ለኔ ተወው። እኔ ግን ልጅ ከመስደዴ በፊት ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ ልናገረው ብዬ፣ ልጇ እንደኔዋ በር ላይ የምትቀርባትን ጎረቤቴን ለተብርሃንን ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። መምህር ሃብተሚካኤል ይባላሉ፤ ሽበታም፣ ቁጥብ፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው ናቸው። በጥሞና ሰሙንና «ለአንድ ከከፈትኩ ለሁሉም ነው፤ ደንብ ደንብ ነው» አሉን። አመስግነን ወጣን፣ ምን እናድርግ! ለተብርሃን ደረጃው ላይ ቆማ «ሰው ቢሮው ሲቀመጥ ደንቡ ነው የሚናገርለት። ቤታቸው ሄደን ብንለምናቸውስ?» አለች። ታዲያ ሰው ቤት ለልመና የሚላከው ማን ነው? ሽማግሌ!

ኣቦይ ሰረቀብርሃንን መቼም አትረሳቸውም፤ የሰፈሩን ግማሽ ያጋቡት እሳቸው ናቸው፣ እኔንና ዘርዓይንም ጭምር። ለመንናቸው፣ እሺ አሉ። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እኔና ለተብርሃን ከኋላ ተከትለን ግቢው በር ላይ ቀረን፤ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር አንዲት ቃል አላመለጠችንም።

አንድ ነገር ግን ሳናስብ ቀርተናል። መምህር ሃብተሚካኤል ኣረጋሽ የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው! እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሰው ግቢህ ቢገቡ አንተስ ምን ትላለህ? ባለቤታቸው «ውይ በሞትኩት፣ ቤቱ ሳይጠረግ!» ብለው ወደ ጓዳ ሮጡ። ኣረጋሽ በኋላ በር ወደ ጎረቤት። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። መምህሩም ከረባታቸውን አስረው፣ በባዶ እግራቸው ብቅ አሉ።

ኣቦይ ሰረቀብርሃን ደግሞ ነገሩን አባሱት። ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ንግግር አንድ ብቻ ስለሆነ ያንኑ ጀመሩታ! ተቀመጡ ቢባሉ «ኣይፋል፣ ለደግ ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ ግን አንቀመጥም» አሉ። ስዋ፣ ጠላውን ማለቴ ነው፣ ቢቀርብ አልቀምስም አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው «ደጅህን አይተን፣ ዘርህን ጠይቀን፣ ዝምድና ፈልገን መጥተናል» አይሉም! ለተብርሃን እጄን ጨምድዳ ይዛ «ኧረ ልጅቷን ሊድሯት ነው!» አለችኝ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ክብረት ይስጥልኝ፤ የልጁ አባት ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ኣቦይም ምንም ሳይደነግጡ «አባቶቹ ብዙ ናቸው» አሉ። እንዴት ብዙ ቢባሉ «ልጆቹም ብዙ ናቸው፤ ሴቶችም አሉባቸው» አሉ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እንደምንም አንደኛው ሽማግሌ «በርህ ላይ የሚቀሩት ተማሪዎች ናቸው ወንድማችን፤ የመጣነው በሩን ልንለምን ነው» ብለው ገላገሉን።

ሰውዬው ተዋረድኩ ብለው ሊቆጡ ነው ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ለመሮጥ ተሰናዳሁ። መጀመሪያ የተሰማው የባለቤታቸው ሳቅ ነው፣ ከጓዳ። ከዚያ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ሽማግሌዎቹ ስለ ቦቴው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ፌርማታው ሁሉንም ነገሯቸው። መምህሩ አቀርቅረው ሰሙና «ልጃገረዶቹ መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ የሚያረፍዱ ይመስለኝ ነበር። ለምን አረፈድሽ ብዬ የጠየቅኳት አንዲትም የለችም» አሉ።

ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ታውቃለህ። መምህሩም «ሰጥቻለሁ» አሉ። «ግን ሰጪም የራሱ ቃል አለው፣ እናንተም የኔን ስሙ።» በሩ አይቆለፍም፤ ያረፈደች ገብታ ምክንያቷን ትናገራለች። በእኛ በኩል ደግሞ ወንዶች ልጆችም ተራ ገብተው ውሃ ይቅዱ፤ ወላጅም በተራ በተራ ክፍል ገብቶ ይቀመጥና ልጁ እንዴት እንደሚማር በዓይኑ ይይ። ኣቦይ ሰረቀብርሃን «እወ፣ አዎን፣ ሕጋዊ ነው» ብለው ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ ስዋውንም ጠጡ። ኣረጋሽም ሙሽራ እንደሌለ ስትሰማ ተመለሰች፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አላወቅኩም።

ኣቢኤል ጀሪካን ይዞ የወጣ ዕለት ጉድ ታየ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶት ኖሮ ሰልፈኛው «ሙሽራው መጣ! ጥሎሹ ጀሪካን ነው!» እያለ እልልታውን አቀለጠው። ልጁ ፊቱ ፍም መስሎ ተመለሰና ሁለተኛ አልወጣም አለ። ዘርዓይ ከምጽዋ ሲገባ ይህን ሰማ። በማግስቱ ሌላውን ጀሪካን አንስቶ ከሰልፉ ገባ፤ ኣቢኤልም ተከተለው። ያን ትልቅ ሰውዬ ዓይኑን እያየ የሚስቅበት አልተገኘም። አሁን የሌሎቹም ወንዶች ልጆች ይወጣሉ።

የኔም ተራ ደረሰና የኋላው ዴስክ ላይ ከሁለት ልጆች መሃል ተሸጎጥኩ፤ ጉልበቴ አልገባ ብሎ ሲያስቃቸው ነበር። የሳይንስ መምህራቸው ጸሃየ ገና ልጅ ነው፣ እኔን ሲያይ አላበው። እናት ተቀምጣ እያየች ገልብጡ ብሎ መቆም ከብዶት መሰለኝ ጥያቄ ጠየቀ፣ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ በሙሉ አቀረቀረ። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ መጀመሪያ ከጎናችሁ ካለው ጋር በትግርኛ ተነጋገሩበት፣ እንግሊዝኛውን አብረን እናመጣዋለን» አላቸው። ወንድሜ፣ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ነው የተነሳው! ከዚያ «ሄለን» ብሎ ጠራት። በስሟ። ተነሳች፣ መለሰች፣ ተሳሳተች። ሳቁባት። አሁን ትቀመጥና ዳግመኛ አትነሳም አልኩ። እሷ ግን አብራ ሳቀችና «ቆይ መምህር፣ ሌላ ልሞክር» አለች።

ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ዴስክ አይበቃም፣ ዱላ ከእጁ ያልወረደ መምህርም አለ። ፌርማታው ላይ ከነበሩት ልጃገረዶች አንዷ እስካሁን አልተመለሰችም፤ ወላጆቿ ጋ ኣቦይ ሰረቀብርሃንን ልንልክ ነው፣ ዘንድሮ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሄለን ግን ሆዴን ማለቱን ተወችው፣ ምግቧም ተመለሰ።

እንግዲህ መልሴን ከራሷ አፍ ስማው። ያንተን ደብዳቤ አነበብኩላትና ምን ልበለው፣ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት። አጎቷን ስለምትወድ እሺ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «በክረምት ልጠይቀው እሄዳለሁ በይው። አሁን ግን አልችልም፤ ማክሰኞ ለክፍሉ የማስረዳው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ኣልማዝን ወገቧን እየጠበቀች ከባድ እንዳታነሳ፣ ስለ አሳቢነቷም የቐንየለይ በልልኝ። መስፍን ምላጩን ያስቀምጥ፣ ጢሙ ሳይጠራ ይመጣል። ሃይሚን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ ሄለን በክረምት እስክትደርስ ልትነግራት የምትፈልገውን ሁሉ ታጠራቅም። ዘርዓይና ኣቢኤል በጀሪካን የደነደነ እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ይሉሃል። ኣቦይ ሰረቀብርሃንም ለመስፍን ሽማግሌ ሲያስፈልግ ናዝሬት ድረስ እመጣለሁ ብለዋል። ያገናኘን።

እህትህ ትበርህ
አሥመራ፣ ዓባ ሻውል
የካቲት 5 ቀን 1987 ዓ.ም.