ሙና ደጅ የወረደው ጤፍ

ከሚሴ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሪድዋን ሸምሱ
ጂዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። የእናትህ ዓይን፣ ደህንነትህን ከትናንት በስቲያ በስልክ ስለሰማሁ እሱን እየደጋገምኩ ወረቀት አልጨርስም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ የሙናን ስም ገና ሳነሳ «እማ፣ ሌላ ወሬ የለሽም?» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። በድሩ እረፍቱን ጨርሶ ቅዳሜ ወደ ጂዳ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ፊደሉ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ነውና ስህተቱን እለፈው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላውራህ። እኔና ጎረቤቴ ነኢማ የሰፈሩን ሴቶች አስተባብረን የረመዳንን አስቤዛ በጅምላ መግዛት ጀምረናል። ጤፉን ከጨፋ ሮቢት ከገበሬው እጅ፣ ሽንኩርቱን ከቦርከና ዳር ከማሳው፣ ዘይቱን በትልቁ ጀሪካን፣ ተምሩን በካርቶን እናስመጣለን። አንዋር የሚባል ባለባጃጅ አለ፤ የየቤቱን ትእዛዝ በቴሌግራም እንልክለታለን፣ እሱ ጭኖ በየበራችን ያወርዳል። ፀሐይ የለ፣ ግፊያ የለ፣ ተሸካሚ የለ። ከሱቁ ዋጋ ጋር ሳስተያየው ከአምስት እጅ አንዱ ኪሳችን ውስጥ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እኛ አንበሳ ባናስር ባለሱቁን ሙሀመድአሚንን አስረነዋል። ሰላም ሲለን እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

መቼም እናትህን ታውቃለህ፤ ብር ሲባክን ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል። በሙና ላይ ክፉ ያናገረኝም ይኸው አመሌ ነው። «ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ዱቄት በኪሎ፣ ሽንኩርት በመደብ እየገዛች ያንተን ላብ ለባለሱቅ ታስረክባለች» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም በስልክ ጠየቅሃት፣ እሷም መለሰችልህ፣ ቃል ቃልን ወለደና በኅዳር «ፈትቻታለሁ» አልክ። ሸሁ እንዳሉት አንዱን ፍቺ ብቻ ነው የፈታሃት። ኢዳዋ፣ የሦስት ወር መቆያዋ፣ እስኪያልቅ ካንተ ቤት አትወጣም፣ አንተም ያለ አዲስ ኒካህ ቃልህን መመለስ ትችላለህ። ኢዳዋ የሚያልቀው ረመዳን ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ኒካህ ካልታሰረ አይሆንም።

አሁን የሆነውን ስማ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የኔ ድርሻ ተጭኖ መጣ። ስልኬን አንተ በስምህ ከፍተህ ስለላክልኝ ቴሌግራሙ ላይ የሚታየው ያንተ ስም ነው። አንዋር ለሰፈራችን አዲስ ነው፤ «የሪድዋን ቤት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ሰዎቹም ያንተን ቤት አሳዩት። ጤፉንም ዘይቱንም ተምሩንም ሙና ደጅ አራገፈው። «ማነው የላከው?» ስትለው «ሪድዋን» አላት። እሱ ምን ያውቃል፣ ስልኩ ላይ ያነበበውን ነው የነገራት።

የአገርህን ነገር መቼም አትረሳም። የተፈታች ሴት ኢዳ ላይ ሳለች ባሏ አስቤዛ ካስጫነላት እኛ ሰፈር የሚያወራው አንድ ነው፤ ሽማግሌ ከኋላ እየመጣ ነው ይባላል። እሷም ጆንያውን ፈትታ እጇን ካስገባች እሺ ብላለች ማለት ነው። እኔ ይህ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ጤፌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንዋርን ከነባጃጁ ይዤ ሄድኩ። «አከም ቡልተን እማ፣ እንዴት አደሩ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» አለችኝ። እንዲህ ፊቷ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ። ምንጣፉ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ሁለት እጇን ሂና ሞቃለች፣ ለትንሿ ዘሃራም ቀብታታለች። ከጆንያው ቀድታ በሰፌድ እያበጠረች ነበር። ዘሃራ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችና «አባ ጤፍ ላከልን!» አለችኝ።

እዚያች ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? አንድ ኩንታል ጤፍ ነው፤ የልጄ ልጅ ብትበላው ማን ሊጠይቀኝ? እኔ ግን «ኧረ ተሳስቶ ነው፣ የኔ ዕቃ ነው፣ ሪድዋን የት ያውቀዋል» አልኩ።

ሙና ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። «ኮቱ» ብላ ልጇን ወደ ራሷ ጠራቻት። ከዚያ ያበጠረችውን መልሳ ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው። መሬት የነካውን እንኳ በጣቷ ለቀመችው። «ሌላ የነካሁት የለም እማ፣ ከፈለጉ ይመዝኑት» አለችኝ።

ማፈር ሲገባኝ መምከር ጀመርኩ። «አየሽ፣ አንቺም ከእኛ ጋር ብትገቢ ስንት ታተርፊ ነበር! ቤትሽን ያፈረሰው እኮ ይኸው በቁንጥር መግዛትሽ ነው» አልኳት።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እማ፣ ኩንታል የሚገዛ ሰው የኩንታሉ ብር ባንድ ጊዜ እጁ ሲገባ ነው። እርስዎ ለኔ የሚሰጡኝ በየጁምዓው ነው። የአንድ ጁምዓ ብር ጀሪካን ዘይት አይገዛም። እኔ የሰጡኝን ያህል ገዛሁ» አለችኝ።

አንዋር ጆንያውን እያወጣ «አፉ በይኝ እህቴ፣ አፉ በይኝ» ይላታል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ግን ይቅር በይኝ ያለው እሱ ነው። እኔ አላልኩም። ባጃጁ ውስጥ ከጤፌ አጠገብ ተቀምጬ ቤቴ ገባሁ።

ሪድዋን፣ አንተ በወሩ መጀመሪያ ሙሉውን ትልካለህ። ታባክነዋለች ብዬ ከፋፍዬ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ እንደማደርግም ነግሬህ አላውቅም። በቁንጥር እየሰጠኋት በቁንጥር ገዛች ብዬ ከሰስኳት። አንተም አመንከኝ፤ እናት አይደለሁ? ደግሞ እውነቱን ካወራሁ አይቀር፣ ነገሩ የቁጠባ ብቻም አልነበረም። አባትህ ካለፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ሙና በየጁምዓው ዘሃራን ይዛ ትመጣለች፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ልጅቷ ዕቃዬን ሁሉ ስትበታትን ትውላለች። ብሩን ባንዴ ከሰጠኋት ማን ደጄን ይረግጣል ብዬም ነው። ያኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም፤ አሁን ሳስበው ግን እንደዚያ ነው።

ነኢማ ስትሰማ «መሊካ፣ ጤፍሽን አስመልሰሽ ትዳሩን ሰደድሽው?» አለችኝ።

ያን ለት ምሳም አልበላሁ። ከአስር ሰላት በኋላ አንዋርን ጠርቼ ሁሉንም መልሼ አስጫንኩ። «ሪድዋን ደውሎ ስጫት ብሏል» ልላት አስቤ ደጇ ደረስኩ። ባልና ሚስት ለማስታረቅ የተዋሸ አይጻፍም ይላሉ ሸሆቹ። እንዳሰብኩትም አልኳት። እጆቿን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ነው የሰማችኝ፤ ሂና መቼም በአንድ ቀን አይለቅም።

«እማ፣ ሪድዋን ከላከው ስልኬን ያውቀዋል፣ ይደውልና ይንገረኝ። እርስዎ ከላኩት ግን ሰደቃ ነው። ለሰደቃ ከኔ የባሱ አሉ፣ መስጊዱ ጀርባ ላሉት ወላጅ አልባ የቲሞች ያውርዱላቸው» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። አወረድኩላቸው። ተምሩን እንኳ አላስቀረሁም፤ እኔ መሊካ! ሆዴን ግን ምንም አልቆረጠኝም።

ይኸው ጁምዓም አለፈ፣ አልመጣችም። ብሩን በሰው ላኩላት፤ ሙሉውን። አባቷ ጀይሉ ከሰንበቴ መጥቶ ዕቃዋን ሊጭን ለረመዳን ዋዜማ ቀጥሯል አሉ። እሷ የነገረችኝ ነገር የለም፣ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ልጄ፣ መልሳት ብዬ አላዝህም። አንድ ጊዜ ሰምተኸኝ የሆነውን አይተናል። ግን ስትወስን እኔ በነገርኩህ አትወስን። ሙና አባካኝ አይደለችም። ይህን ሸሁም ፊት፣ አባቷም ፊት፣ ነገ አላህ ፊትም እመሰክራለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተናገርኩትን ልመልሰው አልችልም፤ ውሸት መሆኑን ለመናገር ግን አፌ አልሞተም። ልትደውልላት ካሰብክ ዛሬ ነው፣ ጨረቃዋ ከታየች በኋላ አይደለም። ስለ ጤፍም አታንሳባት።

ብሩን ግን ብትመልሳትም ባትመልሳትም ከእንግዲህ በእሷ ስም ላክ፤ የልጅህ እናት ናት። ለኔ የሚያስፈልገኝን፣ ሰንበቴም ብትሆን ሄጄ እጠይቃታለሁ።

አላህ ካገር ርቀህ ከሚያገኝህ ክፉ ሁሉ ይከልልህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ለረመዳን በሰላም ያድርስህ። የእናትን ምክር ከእናት ሐሜት የምትለይበት ልቦናም ይስጥህ።

አፉ በለኝ።

እናትህ መሊካ