«ሄዷል» የሚለው ቃል

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ባልደረባዬ ደሴ! መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ስም የጠፋ ይመስል። በወረታው ሩዝ መፈልፈያ ጣራ ላይ የፀሐይ ፓነል ሰቀለ፣ የተረፈውን ኃይል ወደ እኛ መስመር ለቀቀ። አለቃችን በስብሰባ አስጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ፣ በግድ። አንድ ክፍል ስንማር ከእኔ ሲቀዳ የነበረ ልጅ!

ታኅሣሥ 5፣ ከሰዓት
ነፋስ ሽቦ ከሽቦ አጋጨ። እኔ በምሠራበት ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው፣ አደጋ ሲኖር መስመር የሚቆርጠው ብሬከር ወዲያው ቆረጠ። መስመሩ ሁሉ መጥፋት ነበረበት። በመስኮት ሳይ መፈልፈያው ሰፈር ግን አምፖሉ ቦግ እልም እያለ ቆየ። ድሮ መብራት የሚመጣው ከአንድ ወገን ነበር፤ እዚህ መቁረጥ ይበቃል። አሁን ከወዲያም ይመጣል። የደሴ ፓነል የእኛ ሲቋረጥ ራሱን ማቆም ነበረበት፣ አላቆመም።
ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ለማንም አልናገርም። ጉዱ ይውጣ።

ታኅሣሥ 6፣ ምሳ ሰዓት
ደሴ በሚመጣው ወር ለሥልጠና ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። አለቃችን ለእኔ፣ አንቺማ ለጣቢያው ታስፈልጊናለሽ አሉኝ። ምሳዬን ሳልነካ መለስኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ጠዋት
የመስመር ሠራተኛችን ጋሽ ፈንታ ነገ መፈልፈያው ፊት ያለው ምሰሶ ላይ ይወጣሉ። ልማዳቸው አንድ ነው። ከምሰሶው ሥር ይደውላሉ፣ ሄዷል? ይሉኛል። እኔ ቆርጬ፣ ሄዷል እላለሁ። በቃ፣ ይወጣሉ። ሽቦ ላይ ኃይል ካለ የሚጮኸው መፈተሻ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ ያንቺ ድምፅ ይበቃኛል ይላሉ።
ብናገር ደሴ ያስተካክለዋል፣ ሌላ ጭብጨባ። ዝም ብልስ? ከእኛ ሄዷል፣ ከመፈልፈያው የሚመጣው ግን አልሄደም።

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት
ደወሉ። «ልጄ፣ ሄዷል?»
ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልሄደም፣ እንዳይወጡ! አልኳቸው።
«ምነው፣ አልቆረጥሽውም እንዴ?»
ቆርጫለሁ ግን አልሄደም አልኩ። እብድ መሰልኳቸው። መፈተሻውን አውጥተው ወደ ሽቦው ቢያስጠጉት ጮኸ። እግዜር ይስጥሽ አሉኝ።
ለደሴ ደወልኩ። በሩጫ ሄዶ ፓነሉን አጠፋው። መቼ አወቅሽ አለኝ። ዛሬ አልኩት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
አለቃችን ደሴን ስለ ፍጥነቱ አመሰገኑት። ለፍጥነቱ! ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ከተናገርኩ ግን ጋሽ ፈንታም መቼ አወቅሽ ይሉኛል። አለቃችን ቢሮ ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ ቆሜ እየጻፍኩ እሰማቸዋለሁ፣ ስለ እኔ እያወሩ፣ ልጄ፣ ልጄ እያሉ።
ገብቼ ሁለቱንም እናገራለሁ፤ ማግኘቴንም መደበቄንም። አሁኑኑ። አለቃችን በሩን ከፈቱልኝ፣ ጋሽ ፈንታ ከወንበራቸው ሊነሱልኝ ነው፤ ይቀመጡ እላቸዋለሁ፣ ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ አውቅ ነበር።