ሰው ሳይገባ አልነሳም

ቆቦ፣ ሐምሌ

ውድ ራህመት፣

ዛሬ ጉራዬን ልነዛብሽ ነው የተቀመጥኩት። «ሕይወት ደግሞ ጀመራት» እያልሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ አንቺም አለሽበት።

ሮቢት ያለውን ትምህርት ቤት ታውቂዋለሽ። በየጊዜው አንድ አንድ ክፍል ሲቀጥሉበት ጣሪያው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ ከላይ ሲታይ የተበተነ የመጫወቻ ካርታ ይመስላል። አምና ጎርፍ ገብቶ የልጆቹን መጻሕፍት ጭቃ አደረጋቸው። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይመጣ ጠፈጠፉን ተከትሎ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር ተባለ። ንድፉን እኔ በኮምፒዩተር አወጣዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። «ቆቦ ተቀምጠሽ ኮምፒዩተር ምን ይሠራልሻል?» ሲሉኝ ለኖሩት ሁሉ መልስ ልሰጥ ነዋ!

ዘዴው አብረን የተማርነው ነው። እያንዳንዱ ጣሪያ አራት ማዕዘን ነው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ታስኬጃለሽ፤ ጣሪያ ሲጀምር አንድ ትደምሪያለሽ፣ ሲያልቅ አንድ ትቀንሻለሽ። ቆጠራው ከባዶ ሲነሳ ወይም ወደ ባዶ ሲመለስ የውጭው ጠርዝ እዚያ ነው። የመሃሉ መደራረብ ሁሉ ይቀርና አንድ ዙሪያ ብቻ ይወጣል።

ንድፉን ለኮሚቴው ሳሳይ ግን ቦዩ በቤተ መጻሕፍቱና በአራተኛ ክፍል መካከል ሰንጥቆ አልፏል። ሰብሳቢው ጋሽ ዘካሪያስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ጎርፉንም ልታስመዘግቢው ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰዉ በሳቅ አውካካ። «እስከ ነገ ካልተስተካከለ በገመዳችን እንለካለን» ብለው ተነሱ። ፊቴ በርበሬ መስሎ ወደ ቆቦ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ሳየው ለካ እነዚያ ሁለት ጣሪያዎች አልተደራረቡም፤ ጠርዝ ለጠርዝ ነው የገጠሙት። አንዱ ባለቀበት ሌላው ይጀምራል። የእኔው ጉደኛ ፕሮግራም ደግሞ የሚያልቀውን አስቀድሞ ያስወጣል። ለቅጽበት ቆጠራው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲያይ ጠርዝ ነው ብሎ ያሰምራል።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የአባቴ ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እኔና አንቺ ብቻ ቀረን። የደሴው ሚኒባስ ውጭ ጥሩንባውን ይነፋል፤ በማግስቱ ሥራ ትጀምሪያለሽ። «ኧረ ሂጂ፣ ያመልጥሻል» ስልሽ፣

«ወላሂ ሰው ሳይገባ አልነሳም!» አልሽ።

ጎረቤታችን አስካለ ገብታ አጠገቤ ስትቀመጥ ነው የተነሳሽው። መኪናው ጥሎሽ ሄዷል። እኔ ግን ያን ቀን ለአፍታም ብቻዬን አልሆንኩም። እንዴት እንደምወድሽ ለመናገር ያኔ አፍ አልነበረኝም።

ተነስቼ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ፦ ቦታው አንድ ከሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ይግባ፣ ከዚያ የነበረው ይውጣ። ስንጥቁ ጠፋ።

በማግስቱ ጋሽ ዘካሪያስ ንድፉን ይዘው ግቢውን ዞሩ። ጥግ ጥጉን እያዩ፣ እየቆሙ፣ አንዳንዴም በእግራቸው እየለኩ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ከኋላ ከኋላ። ዞረው ሲጨርሱ «አካፋ አምጡ» አሉ።

ትናንት ያ የምታውቂው የራያ ዝናብ ወረደ። ጎርፉ ከተራራው እየጮኸ መጣና ቦዩን ይዞ ትምህርት ቤቱን ዞሮ ሄደ። አራተኛ ክፍል ወለሉ ደረቅ ነው። ኮራሁ፣ ራህመት! በራሴም ኮራሁ፣ በአንቺም ኮራሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እንደምትመጪ እናትሽ ነግረውኛል። መኪናሽ የሚገባበትን ሰዓት ብቻ ላኪልኝ። እግርሽ ከሚኒባሱ ሳይወርድ እኔ መናኸሪያው ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ።

ያንቺው ሕይወት