ከኦርላ ጎን ያለው ቦታ

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ዴንቨር ከወዲሁ በረዶ ጥሏል ሲሉ ሰምቼ አስቤሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። አንሶላ ሳነጥፍ ወገቤን ይይዘኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለኝም። እዚህ በድራይ ፎርክ ከተማ፣ አገር ጎብኚው ሄዶ አልቋል። ከምሠራበት ሞቴል አሥራ አንድ ክፍሎች ሰው ያለባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። የሮይስን ሞት ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። ነፍሱን ይማር። አራት ዓመት የእኔ ባል ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንቺ። ለቅሶውም በዚያው ልክ ያንቺ ነው።

አመዱ እዚህ፣ በእኔ የመቃብር ቦታ፣ ከልጄ ከኦርላ ጎን እንዲቀበር ተናዟል አልሽኝ። ቦታው በስሜ ስለሆነ፣ «አልፈቅድም» የምትል አንዲት መስመር ከጻፍኩልሽ ጠበቃው ይተወዋል፤ አንቺም ለራስሽ ከገዛሽው ቦታ አጠገብ ታሳርፊዋለሽ። ደግሞ እንዲህ ብለሻል፦ «ምን በድዬው እንዲህ እንዳደረገኝ አልገባኝም፤ አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ በእግዚአብሔር ንገሪኝ።» በእግዚአብሔር ካልሽኝማ እነግርሻለሁ።

በነሐሴ ስትመጡ ከከተማው ሆቴሎች ሁሉ ርካሹን፣ እኔ የማጸዳውን መረጥሽ። በሞቴሉ ባለቤት በሴትዮዋ ፊት አቅፈሽ ሳምሽኝና፣ «ይቺ እህቴ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ሰው የተኛበትን ማንጠፍ ትወዳለች» ብለሽ አሳቅሻት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፎጣ ጨምሪልኝ አልሽኝ፤ ጨመርኩልሽ።

ሮይስ ባርኔጣውን ከራሱ አላወለቀም። በማግስቱ ክፍላችሁን ሳጸዳ ምክንያቱን አወቅሁ። ትራሱ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም፤ መታጠቢያው ላይ አራት የመድኃኒት ጠርሙስ ተደርድሯል። አንቺ ኮሌጅ እንድትገቢ እኔ ትምህርቴን ባቋርጥም፣ እንግዳ ጥሎት የሚሄደውን ጋዜጣና መጽሔት ሳነብ ነው የኖርኩት። በመድኃኒቶቹ ላይ የተጻፈውንም አነበብኩ። አሁን የምነግርሽን ነገር እንደሚሞት ዐውቄ ነው ያደረግኩት። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ከሰዓት በኋላ በአሮጌው መንገድ ላይ ለጎብኚ የሚደረገውን የፍርድ ጨዋታ ታስታውሻለሽ። ማንም ሰው አምስት ዶላር ከፍሎ፣ ክሱን ስሙን ሳይጠቅስ በወረቀት ጽፎ የወደደውን ይከሳል። ሚስት ባሏን በማንኮራፋት ትከሳለች፤ ልጅ አባቱን እንቁላል አሳረረ ብሎ ይከሳል። ዳኛው ዴልበርት፣ ድሮ የምስማር ሱቅ የነበረው ሽማግሌ፣ ወረቀቱን አስቀድሞ አያነብም። ከሕዝቡ እኩል ሲስቅ ነው ጨዋታው የሚያምርለት። «ይሰቀል» የሚል ባርኔጣውን ያነሳል። ከዚያ ከሳሽ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ወጥቶ «ምሬዋለሁ» ካለ ተከሳሹ ይለቀቃል፣ ካልወጣ የስፖንጅ ገመድ አንገቱ ላይ ገብቶ ፎቶግራፍ ይነሳል።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨዋታውን የሚመሩት ሰዎች እንዳዘጋጁት ነበር የጠረጠርሽው፤ እነሱ ንጹሐን ናቸው።

ዴልበርት በዚያ ድምፁ፣ «ይህ ሰው በሚስቱ መኪና፣ በሚስቱ ቤንዚን፣ የሚስቱን ታናሽ እህት ይዞ ጠፍቷል!» ብሎ ሲያነብ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ፣ «ለቤንዚኑ ብቻ ይሰቀል!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ቆይ እስቲ፣ እህትየዋ ቆንጆ ናት ወይ?» ብላ ጠየቀች። አንቺም የሎሚ ጭማቂሽን ይዘሽ መጀመሪያ ላይ ሳቅሽ። ፊትሽ ሲለወጥ ያየሁሽ እኔ ብቻ ነኝ። ኦርላን ግን አልጻፍኳትም። እሷን ለማንም ሳቅ አልሰጥም።

ሁሉም ተከሳሽ «ሐሰት ነው!» እያለ ይንፈራገጣል፤ ጨዋታውም ያ ነው። ሮይስ ግን፣ «እውነት ነው፣ ጌታዬ፤ አድርጌዋለሁ» አለ። ይሄ ከሁሉ በላይ አሳቃቸው። ባርኔጣ በሙሉ ተነሳ። ዴልበርት ከሳሹን ሲጠራ እኔ የቆሸሸ አንሶላ የሞላ ከረጢት ይዤ ከመንገዱ ዳር ባለ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። በሁለተኛው ጥሪ ሮይስ በዓይኑ አገኘኝ። የራሱንም ባርኔጣ አወለቀ። ራሱ እንደ ሕፃን ራስ ነበር። አንዳንዱ ሰው ባርኔጣውን መለሰ፤ ዴልበርት ሦስተኛውን ጥሪ የጠራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አልወጣሁም። ሰቀሉት። ፎቶግራፉን አንቺ ሳትወስጂው ስለቀረሽ እኔ ወሰድኩት።

በማግስቱ ጠዋት አንቺ ሻንጣ መኪና ላይ ስትጭኚ፣ እሱ እኔ አንሶላ ወደማጥፍበት ክፍል መጣ። ሊሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ «ልጅቷ ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

እህቴ፣ እስኪ አስቢው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሟን ያወቀ፣ ለቀብሯ ሳይመጣ የቀረ፣ ጨካኝ አባት ነው ብዬ ስረግመው ኖሬያለሁ። የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነው የሄዳችሁት። ከሄዳችሁ በኋላ ፅንሱ እንደ ወረደብኝ ተነግሮት ነበር። ማን እንደ ነገረው እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝም። «ዘጠኝ ቀን ኖራለች፤ ስሟ ኦርላ ነው» አልኩት። ስሙን ደጋግሞ አለው። «ዓይኗስ?» አለኝ። ያንተ ነበር አልኩት።

ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ፖስታ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ገና እሷ በሕይወት ሳለች በአምስተኛው ቀን የጻፍኩለት፣ «ቶሎ ድረስ፤ ልጅህ ታማለች» የሚለው ደብዳቤ ነው። በስሙ ነው የላክሁት። አከፋፈቱ የሚገርም ነው፤ ወረቀቱ ምንም አልተቀደደም፣ በእንፋሎት የለቀቀ ይመስላል። ባለፈው የበረዶ ወራት ክር ሲፈልግ እንዳገኘው ነገረኝ። የልብስ ስፌት መሳቢያሽን ብታዪው ቦታው ባዶ ነው። ከዚያ እስከ ሞቱ አንዲት ቃል እንዳልተናገረሽ ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። ሾርባውን ከእጅሽ እየጠጣ፣ ትራሱን አንቺ እያስተካከልሽለት ነው ዝም ያለሽ።

ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ክስ በእሱ ላይ አይሆንም ነበር።

ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ከትንሿ ጎን ቦታ አለ ወይ አለኝ። አልመለስኩለትም፤ አንቺ የመኪናውን ጡሩምባ ትነፊ ነበር። መልሱን ለአንቺ ልስጥሽ።

ኦርላን ስቀብር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሦስት ቦታ ገዛሁ። የመቃብሩ ኃላፊ፣ «እመቤቴ፣ አንዱ ለልጅሽ፣ አንዱ ለራስሽ፤ ሦስተኛው ለማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ አፍሬ ገንዘቡን መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቦታ አለ። ላኪልኝ። በፖስታ ይላካል፤ ፖስታ ቤቱ ለአመድ የተለየ ካርቶን አለው፤ ጠይቄልሻለሁ። አራተኛ ቦታ ስለሌለ ግን አንቺ አትድከሚ።

ጉልበትሽን አሙቂው። እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥሽ፤ ዕድሜሽንም ያርዝመው፣ እጅግ በጣም ያርዝመው።

የኦርላ እናት