የቀኙን ጥግ ዘግይተው ስለመዝጋትዎ

ለተከበሩ የኮሌጃችን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው ወይ? የእኔ ምኞት ጤናዎ እንደ ብረት የጠነከረ እንዲሆን፣ በምንም ዓይነት እንደ ቡድንዎ መከላከል በቀኝ በኩል ነፋስ የሚገባበት እንዳይሆን ነው።

እኔን አያውቁኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ የአቤቱታ ደብዳቤ ወግ አይጠፋኝም። ቧንቧው ፈንድቶ አልጋው በውሃ የተንሳፈፈበት ሰው እንኳ ሲጽፍ «ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት» ብሎ ነበር የሚጀምረው። እኔም የዚያን ወግ ልጅ ነኝና፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት መከላከልዎ ከፈነዳ ዓመታት አልፈዋል።

ባለቤቴን ግን ሳያውቁት አይቀሩም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ መነጽር የሚሠራው፣ ሲስቅ ድምፅ ሳያወጣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጠው ሰው ነው። ነበር ማለት ይገባኛል፤ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ይህ ሰው በሕይወት ሳለ በቤታችን ከእኔ ስም ይልቅ የእርስዎ ማዕረግ ይጠራ ነበር። ጥርሱን እየቦረሸ «ይህ አሰልጣኝ!» ይላል። ካልሲው ጠፍቶበት አልጋ ሥር እየፈለገ «ይህ አሰልጣኝ!» ይላል። እኔም እውነቱን ልንገርዎና፣ እንደ ጣውንት እቀናብዎ ነበር።

አንድ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ዓይንዎን ሊታዩ ወደ ሱቁ መጥተው ነበር፤ ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ ቤት መጣ። የሞተ ሰው አለ ብዬ ደነገጥኩ።

«እሱ ሰውዬ መጣ» አለኝ፤ «ዓይኑን አየሁት።»

«እና ምን አገኘህ?»

«ምንም! የንስር ዓይን ነው። የመጨረሻዋን መስመር አንብቦ፣ ከሥሯ ያለውን የማተሚያ ቤቱን ስም ጨመረልኝ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ስለ ቀኙ ጥግ ነገርከው?»

እንዲህ ስለው ቅር ተሰኝቶ አየኝ። «ደንበኛ እኮ ነው» አለኝ። «ደንበኛ ይሰደባል እንዴ?»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ፊት ለፊት ባገኘዎት በዚያች አንዲት ቀን «ወደዚህ ይመልከቱ፣ አሁን ወደዚያ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረዎትም። እሱ በጨዋነት የዋጠውን እኔ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቀኙ ጥግ ጉዳይ። እርስዎ ተጫዋቾችዎ ሰው ሳይሆን ቦታ እንዲጠብቁ ያዛሉ፤ ይህ ሥልጣንዎ ነው። ነገር ግን ቦታ ኳስ ወርውሮ አያውቅም፤ የሚወረውረው ሰው ነው። አምስቱም ልጆች ለፎቶ እንደተሰበሰበ ዘመድ ከቅርጫቱ ሥር ተጠጋግተው ሲቆሙ፣ የተጋጣሚው ልጅ በቀኙ ጥግ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተረጋግቶ ይቆማል፤ ኳሷ ስትደርሰው ካልሲውን ለማስተካከል እንኳ ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያ ሦስት ነጥብ ያስቆጥራል። ባለቤቴ ይህንን ያስረዳኝ የነበረው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ብርጭቆ እየደረደረ ነው። ስኳር ማስቀመጫው የእኛ ረጅሙ ልጅ ነው፤ ማንኪያዎቹ መስመሮቹ ናቸው፤ የእኔ ሻይ ደግሞ ሁልጊዜ የተጋጣሚ አጥቂ ሆኖ በቀኙ ጥግ ይቆማል። ሻዬ እየቀዘቀዘ ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረብዎ ቤት ይቁጠረው። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ ምን እናወራ እንደነበር አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የእረፍት አጠያየቅዎ። ሌሎች አሰልጣኞች ቡድናቸው መንሸራተት ሲጀምር ጨዋታውን አስቁመው ልጆቻቸውን ያረጋጋሉ። እርስዎ ግን እረፍትዎን ለልጅ ልጅ እንደሚያወርሱት ቅርስ አስቀምጠው፣ ነገር ሁሉ ካለቀ፣ ተመልካቹም ካፖርቱን መደረብ ከጀመረ በኋላ እጅዎን ያነሣሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ክቡርነትዎን ከውሻ ጋር ማመሳሰል ስለማይገባኝ ትቼዋለሁ።

ስለ ባለቤቴ ሞት እርስዎን አልከስም። የሞተው የውድድሩ ወቅት ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህንንም ለእርስዎ ያለውን አክብሮት ያሳያል ብዬ እቆጥረዋለሁ። በሆስፒታሉ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ከሰማ በኋላ ዓይኑን ሳይገልጥ «ስንት ለስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋታ አልነበረም። እጁን ይዤ «እየመራን ነው» አልኩት።

«አይመስለኝም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ልጄ መጥታ የአባቷን የመጨረሻ ቃል ስትጠይቀኝ «መርቆሻል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ከቀብሩ በኋላ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ልብሱን ለወንድሙ ሰጠሁ፤ የሱቁን መሣሪያ አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ ወሰደ። ልጄም ሥራዋ ወዳለበት ከተማ ተመለሰች። አዲሱ የውድድር ወቅት ሲገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ። ዱሮ ባለቤቴ ሲጮህ ግድግዳውን ትደበድብ የነበረችው ጎረቤቴ እንኳ በሬን አንኳኩታ «ደኅና ነሽ ወይ? ፀጥታው አስፈራኝ» አለችኝ። ይህን ጊዜ ካፖርቴን አንሥቼ ወደ እርስዎ ጂምናዚየም መጣሁ።

ሁልጊዜ እሱ ከሚቀመጥበት ቀጥሎ ተቀመጥኩ፤ ካፖርቴን በእሱ ወንበር ላይ አኖርኩ። ምንም ልናገር አላሰብኩም ነበር። ነገር ግን ያ ጥግ እንደ ልማዱ ወለል ብሎ ሲከፈት፣ እኔ በመሥሪያ ቤት ሳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴት፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «ኧረ ቀኙን! ቀኙን ዝጉት እናንተ!» ብዬ ጮኽኩ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እማማ፣ ጨዋታውን ያውቁታል እንዴ?» አለኝ።

«እኔ አላውቅም» አልኩት። «ባለቤቴ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ስቆጣ ድምፄ የእሱ ይመስለኝ ነበር፤ ቤት ስመለስም ጉሮሮዬ ሻክሮ፣ ከሰው ጋር እንደዋለ ሰው ደክሞኝ እተኛ ነበር።

ሦስተኛ፣ ተመልካቹ «ሚስማር» እያለ የሚጠራው ልጅ ጉዳይ። ይህ አጭርና ግራ እጁ የፈጠነ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ከተጋጣሚው ጋር ከተጣበቀ በጉጠት እንኳ እንደማይነቀል ከእርስዎ በቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። እርስዎ ግን በተቀያሪ ወንበር ላይ ፎጣ አስይዘው ያስቀምጡታል፤ በምትኩ የሚያሰልፉት «ምሰሶ» የተባለውን ረጅሙን ልጅ ነው። ምሰሶን አልነቅፍም፤ ስሙን ያከበረ ልጅ ነው፤ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ባለቤቴም ሁልጊዜ ትክክል ነበር አልልም፤ እርስዎ በመጡ በመጀመሪያው ዓመት «ይህ ሰው ዋንጫ ያመጣልናል» ብሎ ለጎረቤት ሁሉ የተናገረው እሱ ነው። በሚስማር ጉዳይ ግን የልጁን እግር አንድ ጊዜ አይቶ «ይህ ልጅ መሰለፍ አለበት» ያለውን እስከ መጨረሻው አልለወጠም።

አራተኛና ዋነኛው አቤቱታዬ ያሸነፉት ጨዋታ ነው።

ባለፈው ወር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮሌጅ ጋር ስንጫወት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ገብቶ መንሸራተት እንደጀመርን እጅዎን አነሡ። ገና ነበር እኮ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምሰሶን አስወጡ፤ ሚስማርን ከነፎጣው አስነሡ፤ ለልጆቹም ቦታውን ትተው ሰው እንዲይዙ ነገሯቸው። ሚስማር በቀጥታ ወደ ቀኙ ጥግ ሄዶ በዚያ ወርዋሪ ላይ እንደ ቴምብር ተለጠፈበት። ያ ልጅ ኳሷ ስትመጣለት መቀመጫው እንደተያዘበት ተሳፋሪ ግራ ተጋብቶ ይዞር ጀመር። ሚስማር አንድ ጊዜ ነጠቀው። ሁለተኛም ነጠቀው። ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። ባለቤቴ በብርጭቆና በማንኪያ ያሳየኝን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በሰው እግር ሲሠራ አየሁት፤ አሸነፍንም።

እኔም ወደ ግራዬ ዞሬ «አየህልኝ? አየህ አይደል?» አልኩ።

በግራዬ የነበረው የገዛ ካፖርቴ ነው።

ከኋላዬ የነበረች የማላውቃት ተማሪ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አጥብቄ አቀፍኳት፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ። እሷም ወዲያው ጓደኞቿን አየችና ሄደች። ልጄ ጋ ደወልኩ።

«አሸነፍን!» አልኳት።

«ማንን?»

«የቀኙን ጥግ ዘጋው! አባትሽ እንዳለው!»

«እሰይ፣ ደስ ይላል እማዬ» አለችኝ። «የግፊት መድኃኒትሽን ወሰድሽ?»

ጥሩ ልጅ ናት፤ አልተቀየምኳትም። ግን ይህን ድል የሚያውቅልኝ ሰው መፈለጌን አላቆምኩም፤ በመጨረሻም ከእርስዎ ሌላ ማንም ትዝ አላለኝም። በተጫዋቾች መውጫ በር አጠገብ፣ ከወላጆችና ከተማሪዎች ኋላ ቆምኩ። የምለውንም በልቤ አዘጋጀሁ፤ «ዓይንዎን ያየው መነጽር ሠሪ ይህንኑ ይል ነበር» ልልዎት ነበር። እርስዎ ቦርሳዎን አንግበው፣ ስልክዎን በትከሻዎ ይዘው ወጡ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ስልኩን ትንሽ ራቅ አድርገው፣ በጣም በትሕትና፣ እጄን ይዘው «እናቴ፣ ልጅዎ ዛሬ ጥሩ ተጫውቷል» አሉኝ።

የትኛው ልጅ እናት እንደመሰልኩዎ አላውቅም። «አመሰግናለሁ» አልኩዎት። እርስዎም ወደ መኪናዎ ሄዱ። እኔም በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የሚዘፍኑትን ተማሪዎች እያየሁ ቤቴ ገባሁ፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ አቤቱታዬ ይህ ነው። ከባለቤቴ የቀረኝ በእርስዎ ላይ የነበረው ቁጣ ብቻ ነበር። በየቅዳሜው እያነሣሁ የምጥለው፣ እንደ እሱ የምጮኸው፣ ከእሱ ጋር ያለሁ የሚመስለኝ በዚያ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱ ትክክል መሆኑን በሕዝብ ፊት መሰከሩለት፤ የምቆጣበትንም ነገር ይዘውብኝ ሄዱ። ይህንን ማድረግ ከፈለጉ እሱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ በሚስቅበት ዘመን ማድረግ ይችሉ ነበር። ዓይንዎ እንደሆነ ደኅና ነው፤ ባለሙያ መስክሮልዎታል።

ምላሽ እንዲጽፉልኝ አልጠይቅም። ሥራ እንደሚበዛብዎ፣ በተለይም እረፍት ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ እንደማይኖርዎ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንዲያውቁልኝ እሻለሁ፤ ያ ሰው ለዓመታት ሲሰድብዎ የኖረው ስለሚወድዎ ነው። የሚጠላውን ሰው ስም በጠዋት የሚያነሣ የለም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ የማንም ተጫዋች እናት ያልሆንኩት፣ ነገር ግን በእጅዎ ሞቅታ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የሄድኩት፣ የመነጽር ሠሪው ባለቤት ነኝ።

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት (ከዓመታት በፊት በባለቤቴ እጅ ለተጻፉት አሥራ ምናምን ደብዳቤዎች ማስታወሻ እንዲሆን)
ለተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ (ሳይቆረጥ እንዲወጣ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት የትናንቱን ቅዳሜ ጨዋታ አየሁ። ሚስማርን ወደ ፎጣው መልሰውታል፤ ምሰሶም ወደ ቦታው ተመልሶ ተተክሏል፤ ጥጉም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በአሥራ ዘጠኝ ነጥብም ተሸንፈናል። ከጂምናዚየሙ በር እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ በሰፈሩ ሰው ፊት ብቻዬን እየተናገርኩ ስሰድብዎ ሄድኩ። እንደ ትናንቱ ያለ ደስ የሚል ምሽት ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።