በመምህር አትናቴዎስ ብሩ ሞትና በወርክሾፑ ሶሌታ ቀዳዳ ጉዳይ ከኮሌጁ የተሰጠ መግለጫ

የጓሳ በር ቴክኒክ ኮሌጅ የኮንስትራክሽን ክፍል መምህርና ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩት መምህር አትናቴዎስ ብሩ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወርክሾፑ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ተደርምሶባቸው፣ በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የኮሌጁ ማኅበረሰብ በእጅጉ አዝኗል፤ ማኔጅመንቱም በበኩሉ አዝኗል።

መምህር አትናቴዎስ ራቤል ተወልደው በ2009 ዓ.ም. ኮሌጁን ተቀላቀሉ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸው ቀዳዳ ያለው ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ በቁጥር ስለማስላት ነበር። ሶሌታውን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላሉ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ካሬዎቹን ይበልጥ አሳንሰው የእያንዳንዱን ጉብጠት ያሰላሉ። ጥናቱ ለኮሌጁ ያለው ጥቅም እስከ ዘንድሮ ድረስ ግልጽ አልነበረም።

ኅዳር 2017 ዓ.ም.፦ በወርክሾፑ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር እንዲቀመጥ፣ ለመውጫም አራት ማዕዘን ቀዳዳ እንዲከፈት ተወሰነ። መምህሩ በማዕዘኖቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ሶሌታው ከሚችለው እጥፍ መሆኑን አስልተው፣ ቀዳዳው ክብ እንዲሆንና ከመሐል ወደ ዳር እንዲወጣ በደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤው በክፍል ኃላፊው በኩል አልቀረበም ተብሎ ተመለሰ። ኃላፊው ራሳቸው በመሆናቸው ለራሳቸው ጽፈው፣ ለራሳቸው መርተው እንደገና አቀረቡ። ለዚህ ሥርዓት አክባሪነታቸው ኮሌጁ ያመሰግናቸዋል። ሆኖም የኮሌጁ ዓርማ ያለበት የቀዳዳው የብረት ክዳን አስቀድሞ በአራት ማዕዘን ተበይዶ ስላለቀ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።

ጥር 2017 ዓ.ም.፦ ቀዳዳው በተከፈተ በሳምንቱ፣ እሳቸው ምልክት ባደረጉበት ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ታየ። ኮሌጁ ሳይውል ሳያድር ስንጥቁን ኖራ አስቀብቷል።

የካቲት 2017 ዓ.ም.፦ ሠላሳ አንድ ተማሪዎቻቸውን ያለ ፈቃድ ከወርክሾፑ አውጥተው ሜዳ ላይ፣ በዚያ ብርድ ሲያስተምሩ ተገኙ። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው፣ ከመጋቢት 2 ጀምሮ ወደ ወርክሾፑ እንዲመለሱ ታዘዙ። በዕለቱ ተማሪዎቹን ደጅ አቁመው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰዓት ፊርማ ለመፈረም ብቻቸውን ገቡ። ታንከሩ በዕለቱ ይመረቅ ስለነበር በዋዜማው እስከ አፉ ተሞልቶ ነበር። ከተማሪዎቹ አንድም ሰው አልተጎዳም፤ ይህም የኮሌጁ የደህንነት አሠራር ፍሬ ነው።

እናታቸው ወይዘሮ ይዘንጋሽ በቀብሩ ላይ ለዲኑ «ልጄ እኮ ነግሯችሁ ነበር! ምነው፣ ማንበብ አቅቷችሁ ነው?» ማለታቸውን ኮሌጁ በሀዘን የተነገረ አድርጎ ወስዶታል። ማንበብን በተመለከተ፣ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ማስጠንቀቂያው ከመጋቢት 3 ጀምሮ ተነሥቷል። ኮሌጁ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ትርሲት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል።

የብረት ክዳኑ ከፍርስራሹ ውስጥ ምንም ሳይሆን ስለወጣ፣ የመምህሩ ስም ተጽፎበት መቃብራቸው ላይ እንዲደረግ ማኔጅመንቱ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ሐውልቱ በክዳኑ ልክ እንዲሠራ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠየቃል።