ለጓዴ የተቀመጥነው ለቅሶ

ሰኞ፣ ጥር 18

መብራት የለም። ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን በር ስከፍት ደጅ ላይ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ የመጡ ናቸው። መብራት ጠፍቷል ስላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን... መጽሐፍ ጠፋ ብል እንዲህ የሚያዝንልኝ ይገኝ ይሆን?

ረፋዱ ላይ የፈተና ተማሪዎች ሞሉት። የራሳቸውን ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ይወጣሉ። መደርደሪያዬን ቀና ብሎ ያየ የለም። ቅር አይለኝም፣ ወንበሩ ሥራ አልፈታም።

አቶ ስጦታው መጡ። ኃላፊዬ ናቸው። በቢቸና ባህል የተባለ ነገር ሁሉ በእሳቸው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀስ። የቅዳሜው ነገር ምንድን ነው አሉኝ። ንባብ ነው አልኩ። ለማን? ለገበያ ሴቶች። ማንበብ ይችላሉ? አይችሉም፣ እኔ ነኝ የማነብላቸው። "በዕቅድ አልተያዘም" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በዕቅድ የተያዘው የመጽሐፍ ውይይት መድረክ ነው። በየሩብ ዓመቱ በደመቀ ሁኔታ ይካሄዳል። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አንድም መጽሐፍ ተወያይተን አናውቅም።

የቅዳሜውን ንባብ ያመጣው ዝናብ ነው። ክረምት ላይ እትዬ አስናቀች በርበሬያቸውን፣ እትዬ ባንቺዓለም ጌሿቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ተጠለሉ። እኔ ውስጥ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ልማዴ ነው። ዝናቡ አባራ። እነሱ አልሄዱም። በመስኮት "እና ከዚያስ?" አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ገበያ ሲበተን ይመጣሉ። ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው።


ቅዳሜ፣ ጥር 23

የምናነበው መጽሐፍ ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም የሉም። ደራሲው ማን እንደሆነ አናውቅም። ሴቶቹ "የጓዴ መጽሐፍ" ይሉታል። ጓዴ ሚስቱን አምሳለችን ትቶ የጠፋ ነጋዴ ነው። ከተማ ለከተማ ይዞራል፣ ያገኘውን ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ቃል እንኳን አይልክም። አምሳለች ትጠብቃለች። ክረምቱንም በጋውንም ያሳለፍነው በዚህ ሰውዬ ነው።

እትዬ አስናቀች ይረግሙታል። በርበሬ ሲሸጡ የሚናገሩትን ያህል ይናገሩታል። እትዬ ባንቺዓለም አይረግሙትም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። አለ እንዳይሉ ድምፁን አልሰሙ፣ የለም እንዳይሉ ያየ የለም። ስለሱ አያወሩም፣ እኛም አንጠይቅም።

ዛሬ ጓዴ ወደ ቤቱ ለመመለስ ቆረጠ። ጓዙን ሲሸክፍ እትዬ ባንቺዓለም "ቶሎ በል እንጂ" አሉት። ቀስ ብለው። የሰማኋቸው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።


ማክሰኞ፣ ጥር 26

የፈራሁት ደረሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ የንባብ አዳራሹ ለሥልጠና ይፈለጋል አሉ አቶ ስጦታው። ሴቶቹስ? አልኩ። ሌላ ቀን ይምጡ። ሌላ ቀን ገበያ የለም፣ ከየገጠሩ የሚመጡ ናቸው፣ እንዴት አድርገው... አልጨረስኩም፣ ስልክ ተደወለላቸው።

ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። ከሞጣ የልምድ ልውውጥ ቡድን ይመጣል፣ የካቲት 14፣ ቅዳሜ። ምን እናሳያቸው? መደርደሪያውን አዩት። እኔን አዩኝ።

"የሴቶቹን ንባብ እናሳያቸው። ከወደዱት ተሞክሮ ብለን እንቀምረዋለን፣ በዕቅድ ይያዛል። ካልወደዱት ግን አዳራሹን ለሥልጠና እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።"

እንግዲህ ቅዳሜያችን በሞጣዎች እጅ ወደቀ። አምና ለልምድ ልውውጥ እኛ ነበርን ወደ ሞጣ የሄድነው። ምን ተማርን? ምሳው ጥሩ ነበር።


ረቡዕ፣ የካቲት 4

ለንባብ ፕሮግራሙ ዝግጅት ሲባል አንባቢዎች ከቤተ መጻሕፍቱ እንዲወጡ ተደረገ።

ቀልድ አይደለም። ግድግዳው ይቀባል፣ ወንበሩ ጨርቅ ይለብሳል። የፈተና ተማሪዎቹ ውጭ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ያጠናሉ። በላያቸው "የሚያነብ ትውልድ እንፍጠር" የሚል ባነር ተሰቅሏል። አቶ ስጦታው ባነሩን ፎቶ ሊያነሡ መጡና ልጆቹን እዚያ ማዶ ሂዱ አሏቸው። ፎቶውን ያበላሹታል።

የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ደረሰኝ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር። የመክፈቻ ንግግር። ስለ ንባብ ጥቅም ጽሑፍ። አስተያየት። የአስተያየት ምላሽ። ከዚያ ንባብ፣ አምስት ደቂቃ፣ "ሰዓት ካለ"።

ለሴቶቹ ቲሸርት መጥቷል። እትዬ አስናቀች አገላብጠው አዩትና ለልጅ ልጃቸው ይሆናል ብለው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጓዴ ሞተ።

ቀለሙ ስላልደረቀ በረንዳው ላይ ነበርን። ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወሰደው። የገዛ ቤቱን ጭስ ከማዶ እያየ። ምን ዓይነት ደራሲ ነው ቤቱን እያሳየ የሚገድል?  እንደምንም ጨረስኩት።

 ከሴቶቹ አንዷም አልተነሣች። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነው፣ ሳምንት እንግዶች ስላሉብን እባካችሁ እንዳትቀሩ አልኩ። እትዬ አስናቀች ዓይናቸውን እየጠረጉ "እንዴት ብለን እንቀራለን" አሉኝ።

ለእንግዶቹ ክብር ያሰቡ መስሎኝ ደስ አለኝ። አይ እኔ።


ዓርብ፣ የካቲት 13

ወንበሮቹ ነጭ ለብሰዋል።  ባይወዱትስ?


ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ከየት ልጀምር...

ሞጣዎች በሰዓቱ ደረሱ። መሪያቸው አቶ ወንደሰን ይባላሉ፣ ረጋ ያሉ ጨዋ ሰው። አቶ ስጦታው አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ እየሳቁ፣ እየመሩ ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። እኔ ከኋላ።

ሴቶቹ ቀድመውን ገብተዋል። ነጭ የለበሱትን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ ሰሌን አንጥፈው፣ መሬት ተቀምጠዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መሀል ላይ ንፍሮ በሰፌድ። እትዬ አስናቀች ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወዲያው ገባኝ። 

ለቅሶ ቤት ገብቶ "ማን ሞተ?" የሚል ሰው አይተን እናውቃለን? መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ይታዘናል። ሟቹ ማን እንደሆነ ቀስ ብሎ ይደረስበታል። አቶ ወንደሰን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቡድኑ ተከተላቸው። አቶ ስጦታውም ፈገግታቸውን ሰበሰቡና ተቀመጡ። እግዜር ያጥናችሁ ተባለ። እግዜር ይስጥልን ተባለ። ማነው ሟቹ በሚል ዓይን አቶ ስጦታው ወደ እኔ አዩ። አፌን ከፈትኩ... ምን ልበል? በእንግዳ ፊት "የሞተ ሰው የለም" ልበል? ዘጋሁት።

አቶ ስጦታው ወደ እትዬ አስናቀች ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ስሙን ጠየቁ። "ጓዴ" አሏቸው። "ቤቱ ሳይደርስ ቀረ።"

በቃ። ተነሡ። የመክፈቻ ንግግራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በቃላቸው ጀመሩ። ወንድማችን ጓዴ ታታሪ ነበር። ቤተሰቡን አክባሪ ነበር። ለንባብ ልዩ ፍቅር ነበረው። እትዬ አስናቀች ሙሿቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩዋቸው። ታታሪ? ግን ለቅሶ ላይ ማን ይከራከራል። ሁላችንም ለኅሊና ጸሎት እንድንነሣ ተጋበዝን። ተነሣን። የሞጣው ፎቶ አንሺ ሳይቀር ካሜራውን አውርዶ ቆመ።

ከንፈሬን ነክሼ ይዣለሁ። ሳቅ ካመለጠኝ አልቆልናል፣ ቅዳሜም የለ፣ እኔም የለሁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው እትዬ ባንቺዓለም ያለቀሱት። እንደሌሎቹ አይደለም፣ ዜማ የለውም። "ልጄ" አሉ። ጓዴ አላሉም። "ልጄ፣ ልጄ።" ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ ሳላፍር። አቶ ወንደሰንም መሀረባቸውን አወጡ። እሳቸውም የራሳቸው ሰው ይኖራቸዋል።

ፕሮግራሙ ቀረ። ንግግሩም፣ ጽሑፉም፣ የእኔ አምስት ደቂቃም። እንግዶቹ ከንፍሮው ቀምሰው፣ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው ብለው ሄዱ።

ሰው ሲበተን እትዬ አስናቀችን ያዝኳቸው። ምን ነካችሁ? አልኩ፣ መጽሐፍ እኮ ነው።

"መጽሐፍ መሆኑ ጠፋን እንዴ ምሥሬ? ከክረምት ጀምሮ አብሮን የከረመ ሰው ነው። ሞቶ ዝም ብለን ገጽ እንግለጥበት?" ሰፌዳቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ እትዬ ባንቺዓለም፣ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። "እሷስ የት ታልቅስ?"

 ሞቱ ላልተሰማ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡ።


ሰኞ፣ የካቲት 16

አቶ ስጦታው በጠዋት ገቡ። የሟቹን ሙሉ ስም ፈልገዋል። ቅዳሜ ማታውኑ ሪፖርቱን ከነፎቶው ልከዋል፣ ለበላይም፣ ለሞጣም። የአባት ስም ብቻ ጎድሎታል።

ነገርኳቸው። ምን እላለሁ ታዲያ።

 "የመጽሐፍ ሰው?" አሉ። የመጽሐፍ። ያ ሽፋን የሌለው? እሱ። ነጭ የለበሰ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የኅሊና ጸሎት አስደርጌያለሁ እኮ።" አዎ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ቅዳሜን አለቀላት ብዬ ቁጭ ባልኩበት ስልካቸው ጮኸ። አቶ ወንደሰን ናቸው። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። ሕዝቡ ሐዘኑን ሳይቀር የሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት የትም አላየንም አሉ። እንዲህ ያለ የባለቤትነት ስሜት! ምርጥ ተሞክሮ ብለው ጽፈዋል። ከበላይ ያሉትም አመስግነዋል አሉ። ሞጣም ይህንኑ ሊጀምር ነው። ምኑን እንደሚጀምሩ እግዜር ይወቅ።

አቶ ስጦታው "እናመሰግናለን" ብለው ዘጉ። ከዚህ በኋላ ቅዳሜን ቢያጥፉ፣ ለምን ታጠፈ ይባላል። ለምን ከተባለ ጓዴ ማነው ይመጣል። ዕቅዱን አወጡና በእጃቸው ጻፉበት፦ የቅዳሜ ንባብ፣ ቋሚ።

በሕይወቱ ለማንም ያልጠቀመ ሰውዬ ሞቶ እኛን አዳነን።

ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር አሉ። "እስቲ ያንን መጽሐፍ አምጪው።" ሰጠኋቸው። እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ መጽሐፍ ሲዋሱ የመጀመሪያቸው ነው። ከሄዱ በኋላ ነው ቅዳሜ ምን ልናነብ ነው ያልኩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 19

አልመለሱትም። መልሱልኝ ማለት ፈራሁ። መጽሐፍ ያዘገየን የሚቀጡት እሳቸው ናቸው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ሴቶቹ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰዋል። መጽሐፉ የለም ልል ስል አቶ ስጦታው በጋቢ ብቅ አሉ። መጽሐፉን በጋዜጣ ለብደውታል። ሽፋን ሠርተውለታል ማለት ነው።

ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም። ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ባለፈው ሳምንት በተናገሩት ላይ ማረሚያ እንዳላቸው ገለጹ። በቢሮ ድምፅ። ታታሪ ነው ብያለሁ፣ አልነበረም። ቤተሰቡን አክባሪ ብያለሁ፣ ያንን ሁሉ ዘመን ለሚስቱ አንድ ቃል አልላከም። ውሸታም ነው። ሰካራም ነው። መጽሐፍ ሲያነብ ደግሞ አንድም ቦታ ላይ አልተገኘም።

"እርሶ ነዎት ያሉት፣ እኛ መች አልን" አሉ እትዬ አስናቀች። ከዚያማ ማን ያቁማቸው። አንዷ ንግዱ ነው ያበላሸው አለች። አንዷ አምሳለችም መሄድ ነበረባት፣ ምን ያስቀምጣታል አለች። የለም፣ ልጅ ይዛ የት ትሂድ አለች ሌላዋ። አቶ ስጦታው ገጽ እየገለጡ ይኸው እዚህ ላይ፣ ይኸው እያሉ ይሟገታሉ። ላብ አጠመቃቸው። እኔ ስንት ዓመት በሪፖርት ስጽፈው የኖርኩት የመጽሐፍ ውይይት ይኼ ነበር እንዴ? ቃለ ጉባኤ የያዘ የለም። ደስ ብሎኝ አፌን ከፍቼ አያለሁ።

"እና ለእንዲህ ያለ ሰው ነው ያን ሁሉ ያለቀስነው?" አሉ አቶ ስጦታው።

"እየመጣ ነበር።"

ከበሩ አጠገብ ነው። እትዬ ባንቺዓለም። አቶ ስጦታው ምን አሉ እናቴ? አሏቸው።

"እየመጣ ነበር እኮ። መንገድ ላይ ነበር።"

 አቶ ስጦታው መጽሐፉን ቀስ አድርገው ከደኑት። "አዎ" አሉ፣ "እየመጣ ነበር።" የቢሮው ድምፅ አይደለም። መጽሐፉን ሰጡኝና ሄደው እትዬ ባንቺዓለም አጠገብ፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ።

ካቆምንበት ከፈትኩ። አምሳለች ገና አልሰማችም። ደጅ ቆማ ወደ ወንዙ ታያለች፣ ልጇን ውኃ አምጣ፣ አባትህ ደክሞት ነው የሚመጣ ትላለች። እዚያ ድረስ አነበብኩ። ገጹን ልገልጥ ስል ዓይኔ ቀድሞ አየው። መርዶው ቀጥሎ ነው።

ለዛሬ ይብቃን አልኩ።

"ይብቃን" አሉ እትዬ ባንቺዓለም።

አቶ ስጦታው ቀጥሎ ያለውን አንብበውታል። ይቀጥል አላሉም።